የቆሽት ካንሰር በዘር ይወረሳልን?



በዚህ ወር የጤናና የአመጋገብ ዓምዳችን ስሙ ብዙም የማይነሳ፣ ሲነሳም በሹክሹክታ ስለሚነገር አንድ በሽታ እናወጋለን። ወደ ትምህርቱ ከመግባታችን በፊት ግን እዚሁ ደቻቱ አካባቢ በምሠራበት መድኃኒት ቤት ያጋጠመኝን ላካፍላችሁ። ቤተሰቡ ስማቸው ሳይጠቀስ እንድጽፈው ፈቅዶልኛል።

ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ የሚጠጋ አንድ ሐጂ ደንበኛችን ነበሩ። መጀመሪያ የመጡት «ልጄ፣ ጨጓራዬ አስቸገረኝ፤ ወደ ጀርባዬም ይወጋኛል» ብለው ነው። የጨጓራ መድኃኒት ሰጠኋቸው። ከአንድ ወር በኋላ ተመልሰው መጡ፤ ያንኑ ደግሜ ሰጠኋቸው። በሌላ ጊዜም መጥተው ወሰዱ። ለአራተኛ ጊዜ ሲመጡ ሽርጣቸው ወገባቸው ላይ አልቆም ብሎ በቀበቶ አስረውታል፤ የዓይናቸውም ነጩ ክፍል ቢጫ ሆኗል። «ሐጂ፣ ዛሬስ መድኃኒት አልሸጥልዎትም፤ ሆስፒታል ይሂዱ» አልኳቸው። እሳቸው ግን «የወፍ በሽታ ነው፤ አባቴንም ይዞት ነበር፤ የአገር መድኃኒት አለው» ብለው ሄዱ።

ሆስፒታል የደረሱት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። አልትራሳውንድ ታዩ፤ ከዚያም አዲስ አበባ ተልከው ሲቲ ስካን ተነሡ። የቆሽት ካንሰር ነበር፤ ጉበታቸውም ላይ ደርሷል። በአራተኛው ወር ወደ አኼራ ሄዱ። አላህ ይዘንላቸው።

ለተዕዚያ ቤታቸው በሄድኩ ጊዜ ታላቅ እህታቸው አጠገብ ተቀምጬ ስለ ቤተሰቡ ያወሩልኛል። አባታቸው በሃምሳዎቹ ዕድሜ ሳሉ «በወፍ በሽታ» ሞቱ። ታናሽ ወንድማቸው «ስኳር ይዞት» በስድስት ወር ውስጥ ከስቶ አለቀ። አክስታቸው ደግሞ በ42 ዓመታቸው በጡት ካንሰር አረፉ። በአንድ ቤት ውስጥ የደረሱ ሦስት ሞቶች በሦስት የተለያየ ስም ሲጠሩ ኖሩ እንጂ አንድ ላይ አድርጎ ያያቸው ሰው አልነበረም። እኔም ሦስት ጊዜ መድኃኒት ስሸጥ «በቤተሰብዎ እንዲህ ያለ ሕመም ነበር ወይ?» ብዬ አልጠየቅሁም። ያ ሳልጠይቀው የቀረው ጥያቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም እናንተ ሳትዘገዩ እንድትጠይቁ ነው።

ቆሽት ምንድን ነው?

ቆሽት ከጨጓራ በስተጀርባ፣ ከጀርባ አጥንት ፊት ለፊት የተጋደመ፣ ርዝመቱ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ የሰውነት ክፍል ነው። ሁለት ታላላቅ ሥራዎች አሉት። አንደኛው ምግብን፣ በተለይም ቅባትን የሚፈጭ ፈሳሽ ወደ አንጀት መላክ ነው። ሁለተኛው የደም ስኳርን የሚቆጣጠረውን ኢንሱሊን ማመንጨት ነው። ስለዚህ ቆሽት ሲታመም ሕመሙ አንድ ጊዜ ጨጓራ፣ ሌላ ጊዜ ስኳር፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ የወፍ በሽታ መስሎ ይታያል። ዓይን ቢጫ የሚሆነው እጢው ከጉበት የሚወርደውን የሐሞት ቱቦ ሲዘጋ ነው። ሐጂን ያሳሳታቸውም ይኸው ነው።

ካንሰሩ ከተደበቀበት ቦታ የተነሳ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ዘግይቶ ነው። ሕክምናው ከፍ ባለበት በአሜሪካ እንኳ ከ100 ሕሙማን አምስት ዓመት የሚቆዩት 13 ያህል ብቻ ናቸው። በጊዜ ተገኝቶ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ የቻለ እንደሆነ ግን ተስፋው ይሻላል። ቀድሞ ማወቅ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

የሚወረሰው ምኑ ነው?

በእያንዳንዱ የሰውነታችን ሴል ውስጥ 20 ሺህ ያህል ዘረ መሎች (ጂኖች) አሉ። እያንዳንዱን በሁለት ቅጂ፣ አንዱን ከአባት ሌላውን ከእናት እንወርሳለን። ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹ ሥራቸው ጥገና ነው፤ በሴሉ ውስጥ ያለው የዘር ጽሑፍ ሲበላሽ ያርማሉ። ከጠጋኞቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1995 የታወቀው ብራካ-2 የተባለው ጂን ነው።

አንድ ሰው የተበላሸ አንድ የብራካ-2 ቅጂ ይዞ ቢወለድ ሁለተኛው ቅጂ ሥራውን ስለሚሠራ ጤናማ ሆኖ ያድጋል። ከጊዜ በኋላ በአንዲት ሴል ውስጥ ያ ሁለተኛውም ከተበላሸ ግን ያቺ ሴል ጠጋኝ አልባ ትሆናለች፤ ስሕተት በስሕተት ላይ እየተደራረበ ወደ ካንሰር ሊያመራ ይችላል። እንግዲህ ልብ በሉ፦ የሚወረሰው ካንሰሩ ሳይሆን ስጋቱ ነው። የተበላሸው ጂን ካለበት ወላጅ እያንዳንዱ ልጅ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው።

ደቻቱ ዳር የኖርን ሰዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻንም። ወንዙ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው በመካከሉ ይሻገራል። ጎርፉ የሚመጣው ግን ከደንገጎ በላይ ባለው ደጋ ከዘነበው ዝናብ ነው፤ እኛ ዘንድ ጠብ ሳይል ሊደርስ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ብዙ ሰው ተኝቶ ሳለ ደርሶ ከ200 በላይ ነፍስ ወሰደ። የቤተሰብ ሕመምም እንዲሁ ነው። በእኛ ላይ ምልክት ሳይታይ በአያትና በአባት ዘመን የሆነውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ስጋቱ ምን ያህል ነው?

በመጀመሪያ አትደንግጡ። ከ100 የቆሽት ካንሰር ሕሙማን 90 ያህሉ በዘር ከወረሱት አንድ የጂን ብልሽት ጋር የተያያዙ አይደሉም። በዕድሜ፣ በትምባሆ፣ በውፍረት፣ በቆየ የስኳር በሽታና በመሳሰሉት ምክንያት የሚመጡ ናቸው። በእጢው ውስጥ ብቻ የተፈጠረ የጂን ለውጥም ወደ ልጅ አይተላለፍም። የቀሩት 10 ያህሉ ግን ከዘር ጋር የተያያዙ ሆነው ይገኛሉ።

በአሜሪካ በተደረጉ ጥናቶች አንድ ተራ ሰው በሕይወት ዘመኑ በቆሽት ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ከ100 ከ2 በታች ነው። የተበላሸ ብራካ-2 ያለበት ሰው ዕድሉ ከ100 ከ5 እስከ 10 ይደርሳል። ይህም ማለት ጂኑ ካለባቸው 100 ሰዎች 90 ወይም ከዚያ በላይ የሆኑት በዚህ ካንሰር ፈጽሞ አይያዙም ማለት ነው። ሆኖም ይኸው ጂን የጡት፣ የእንቁላል እጢ (ኦቫሪ) እና የፕሮስቴት ካንሰርንም ያመጣል። ስለዚህ የአክስት የጡት ካንሰር፣ የአጎት የፕሮስቴት ካንሰርና የአባት የቆሽት ካንሰር የአንድ ገመድ ሦስት ቋጠሮዎች ሊሆኑ ይችላሉ።

ከብራካ-2 ሌላ ስጋቱን የሚያመጡ አሉ። ከልጅነት ጀምሮ ቆሽት እየደጋገመ የሚቆጣባቸው ቤተሰቦች አሉ። በአንጀት ውስጥ ትርፍ ሥጋ የሚያበቅልና በከንፈርና በአፍ ውስጥ ጥቁር ነጠብጣብ የሚያወጣ ሕመምም አለ። በእኛ መልክ የድድ መጥቆር የተለመደ ስለሆነ ጥቁረት ብቻውን አያስደነግጣችሁ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች ጥናት ደግሞ ሦስት የቅርብ ዘመዶች፣ ማለትም ወላጅ፣ ወንድም፣ እህት ወይም ልጅ፣ በቆሽት ካንሰር የተያዙበት ሰው ስጋቱ ከሌላው በ32 እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል።

የጂሚ ካርተር ቤተሰብ

የቀድሞውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተርን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። እ.ኤ.አ. በ1989 ደርግንና ሻዕቢያን ለማስታረቅ የሞከሩ፣ ድርጅታቸውም በአማራ ክልል የዓይን ማዝ (ትራኮማ)፣ በጋምቤላም የጊኒ ዎርም በሽታ ላይ የሠራ ሰው ናቸው። አባታቸው እ.ኤ.አ. በ1953 በ58 ዓመታቸው በቆሽት ካንሰር ሞቱ። ከዚያም እህታቸው ሩት በ1983 በ54 ዓመታቸው፣ ወንድማቸው ቢሊ በ1988 በ51 ዓመታቸው፣ እህታቸው ግሎሪያ በ1990 በ63 ዓመታቸው በዚያው በሽታ ተከታትለው ሞቱ። አንድ አባትና ሦስት ልጆች!

አራተኛው ልጅ ጂሚ ካርተር ግን በዚህ በሽታ አልተያዙም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2024 ያረፉት በ100 ዓመታቸው ነው። እሳቸው ራሳቸው ሲናገሩ፣ አባታቸውም እህትና ወንድማቸውም አጫሾች እንደነበሩ፣ እሳቸው ግን ሲጋራ አጭሰው እንደማያውቁ ገልጸዋል። ከአንድ ቤተሰብ ታሪክ ብቻ ፍርድ አይሰጥም፤ ያልወረሱም ሊሆኑ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ትምባሆ ስጋቱን ወደ ሁለት እጥፍ እንደሚያደርሰው ከሌሎች ብዙ ጥናቶች ተረጋግጧል። ዘራችንን አንመርጥም፤ ጭሱን ግን መተው እንችላለን።

በመካከላችን የሚሰሙ የተሳሳቱ አባባሎች

«የጡት ካንሰር ጂን ስለሆነ በእናት በኩል ብቻ ነው የሚመጣው።» ስሕተት ነው። አባትም ለሴትም ለወንድም ልጁ ያወርሳል። የአባት እህት ሕመም ከእናት እህት ሕመም እኩል ሊጠየቅ ይገባዋል።

«የአጎት ልጅ ስለሚጋቡ ነው።» ለዚህ ስጋት ከአንድ ወላጅ የሚመጣ አንድ የተበላሸ ቅጂ ብቻ ይበቃል። ስለዚህ ከባዕድ በተጋቡ ቤተሰቦችም ውስጥ ይተላለፋል። የዘመድ ጋብቻ የራሱ ጥንቃቄ አለው፤ ሁለቱም ተጋቢዎች የተበላሸ ብራካ-2 ካለባቸውና ልጁ ከሁለቱም ከወረሰ ፋንኮኒ አኒሚያ የተባለ ከባድ የደም ሕመም ይዞት ይወለዳል።

«ዓይን ነው» ወይም «ይጋባል።» ከታማሚ ጋር በአንድ ትሪ መብላት፣ ልብሱን ማጠብ፣ እሱን ማስታመም ምንም አያስተላልፍም። በሽተኛውን ለብቻው መተው በሕመሙ ላይ ሌላ ሕመም መጨመር ነው።

«ቀደር ከሆነ መጠየቁ ምን ይጠቅማል?» በቀደር እናምናለን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን እንዳዘዙም ሁላችንም እናውቃለን። መጠየቅም ሰበብ ማድረስ ነው።

ስማቸውን እናውቃለን፤ የሞቱበትንስ?

የከተማችን ሰው ነሰቡን ያውቃል። ሱማሌው አብቲርሲውን እስከ አሥርና አሥራ አምስት ትውልድ ይቆጥራል፤ ኦሮሞውም የአባቶቹን ስም እንዲሁ ይጠራል። ነገር ግን «አያትህ በምን ሞቱ?» ሲባል መልሱ «ታመው» ነው።

አይስላንድ የምትባል ትንሽ አገር አለች። ሕዝቧ የዘር ሐረጉን ጽፎ ያቆያል፤ ከ1950ዎቹ ጀምሮም በአገሪቱ የሚገኝ ካንሰር ሁሉ ይመዘገባል። ሁለቱ መዝገቦች በመገናኘታቸው ከቀደምት አባት ወርዶ በብዙ ቤተሰቦች ውስጥ የገባ አንድ የብራካ-2 ብልሽት ሊታወቅ ቻለ። ልዩነታችን ያለው እዚህ ላይ ነው። እኛ የስሙ ግማሽ አለን፤ የሕመሙ ግማሽ ጠፍቶብናል።

የጂን ምርመራ በአገራችን እንደ ደም ስኳር በየጤና ጣቢያው የሚገኝ አይደለም። የቤተሰብ ታሪክ ግን ገንዘብ አይጠይቅም። በአንድ ደብተር ላይ ለእያንዳንዱ የሥጋ ዘመድ የሚከተሉትን ጻፉ፦

1. ዝምድናው ምንድን ነው? በአባት ነው በእናት በኩል?
2. ሕመሙ ምን ተባለ? ሆስፒታል ነው ወይስ ሰፈር የሰየመው?
3. ሲታመም ዕድሜው ስንት ነበር? ሲሞትስ?
4. ምን ምልክት ታየበት? መክሳት፣ ዓይን ቢጫ መሆን፣ ድንገተኛ ስኳር፣ የጡት እብጠት?
5. ያጨስ ነበር?
6. የሆስፒታል ወረቀት አለ? ካለ አትጣሉት።

ከወላጅና ከወንድም እህት ጀምሩ፤ ወደ አጎት፣ አክስትና አያት እለፉ። አሮጊቶቻችን ብዙ ያውቃሉ፤ ዛሬ ካልጠየቅናቸው ነገ የምንጠይቀው አናገኝም።

ሐኪም የሚያማክረው ማን ነው?

• በአንድ ወገን ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ዘመዶቹ በቆሽት ካንሰር የተያዙበት፤
• አንድ የቆሽት ካንሰር ካለበት ዘመድ ሌላ ከ50 ዓመት በፊት የጡት፣ ወይም በማንኛውም ዕድሜ የኦቫሪ ካንሰር በቤተሰቡ ያለ፤
• በቤተሰቡ የጡት ካንሰር የያዘው ወንድ ያለ፤
• ቆሽቱ ከልጅነት ጀምሮ እየደጋገመ የሚቆጣ።

ደብተሩን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። በቤተሰቡ ውስጥ በሕይወት ያለ ታማሚ ካለ የጂን ምርመራው ከእሱ ቢጀመር ይመረጣል። የውጭ አገር መመሪያዎች የቆሽት ካንሰር ያለበት ሰው ሁሉ ይህ ምርመራ እንዲደረግለት ይመክራሉ። ስጋታቸው ከፍ ያለ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ50 ዓመት ጀምሮ፣ ወይም ትንሹ የቤተሰቡ ታማሚ ከተያዘበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በየዓመቱ በኤም.አር.አይ ወይም በኢንዶስኮፒ በሚገባ አልትራሳውንድ ይታያሉ። ይህ ስጋት ለሌለበት ሰው አያስፈልግም።

ስጋቱ ኖረም አልኖረም እነዚህን ምልክቶች አትናቁ፦ ያለ ምክንያት መክሳት፤ ወደ ጀርባ የሚወጋ የላይኛው ሆድ ሕመም፤ የዓይን ቢጫ መሆን ከጠቆረ ሽንትና ከነጣ ሰገራ ጋር፤ የሚንሳፈፍ ቅባታማ ሰገራ፤ ከ50 ዓመት በኋላ ከመክሳት ጋር ድንገት የመጣ ስኳር። እኛም መድኃኒት ሻጮች በሁለተኛው ጊዜ የጨጓራ መድኃኒት ከመሸጥ ይልቅ መጠየቅ አለብን።

ስለ መድኃኒቱና ስለ ምግቡ

ጂኑን ማወቅ ለታማሚውም ይጠቅማል። የብራካ ብልሽት ያለበት ካንሰር እንደ ሲስፕላቲንና ኦክሳሊፕላቲን ላሉ መድኃኒቶች ይበልጥ ይበገራል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ደግሞ በእነዚህ ሕሙማን ላይ ኦላፓሪብ የተባለው እንክብል በሽታው ሳይባባስ የሚቆይበትን ጊዜ ከ3.8 ወር ወደ 7.4 ወር እንዳራዘመ አሳይቷል። ዋጋው ከባድ ነው፤ የሚያድን ሳይሆን የሚያቆይ ነው።

አንድ ሙስሊም ሊያውቀው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ቆሽቱ ለደከመ ሰው ቅባትን እንዲፈጭለት የሚታዘዘው የኢንዛይም እንክብል የሚሠራው ከአሳማ ቆሽት ነው። ይህን ሰምቶ መድኃኒቱን በድብቅ ማቋረጥ ሕመምተኛውን ይጎዳል። ለሐኪሙ ንገሩ፤ ሌላ አማራጭ መኖር አለመኖሩን ጠይቁ፤ የደሩራን (የግዴታን) ብይን ደግሞ ከምታምኑት ዓሊም ጠይቁ። ብይኑን መስጠት የእኔ ድርሻ አይደለም፤ መደበቅም ግን አልችልም።

የተበላሸ ጂንን የሚያስተካክል ምግብ የለም። ጥቁር አዝሙድም ማርም የምንወዳቸው ናቸው፤ በሐኪም ቦታ ግን አይተኩም፤ ኬሞቴራፒ ላይ ያለ ሰው የሚወስደውን ሁሉ ለሐኪሙ ይንገር። ውፍረትን መቀነስ፣ ለስላሳ መጠጥና በዘይት የተጠበሰውን ማብዛት መተው፣ አትክልትና ጥራጥሬ ማዘውተር ይረዳል። ከሁሉ በላይ ግን ትምባሆ ነው። በርጫ ላይ ሲጋራ በሲጋራ የሚቀጣጠልበት፣ ሺሻው የሚዞርበት ቤት ለማያጨሰውም ጉዳት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 በቤት ውስጥ ባሉ የሕዝብ መገልገያ ቦታዎች ማጨስን ከልክሏል፤ የየቤታችንን በርጫ የምንከለክለው ግን እኛው ነን። ያቆመ ሰው ስጋቱ ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ይሄዳል።

ለማጠቃለል

ወደ ሐጂ ቤት ልመልሳችሁ። የሙት ዓመታቸው ሳይደርስ ባለቤታቸው መድኃኒት ቤት መጥተው ቀስ ብለው ጠየቁኝ፦ «ይህን ከጻፍነው ልጄን ማን ያገባታል?» ጥያቄያቸው የብዙ እናቶች ጥያቄ ነው፤ ቀላልም አይደለም። እኔም እንዲህ አልኳቸው፦ «እማማ፣ ደብተሩ የቤተሰቡ ነው፤ አደባባይ አይወጣም። የደበቅነው ግን ከሰው ብቻ ሳይሆን ከልጆቹም ነው። የሐጂ ወንድም ታሪክ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ሐጂ የወፍ በሽታ ነው ብለው ሦስት ሳምንት አይቆዩም ነበር።»

ዝም ብለው ሄዱ። ከወራት በኋላ ትልቋ ልጅ መጣች። የአባቶቻቸው ነሰብ በተጻፈበት አሮጌ ደብተር ላይ፣ ከየስሙ አጠገብ ሕመሙንና ዕድሜውን ጽፋለች። አንዳንዱ ቦታ ባዶ ነው፤ አክስቷን ልትጠይቅ ሐረር እንደምትሄድ ነገረችኝ። ወንድሟ ሲጋራ ለማቆም እየሞከረ እንደሆነም ነገረችኝ። ይህ በሽታውን ያስቀራል ብዬ ቃል አልገባላችሁም። ሐጂ ያላገኙትን ዕድል ግን ልጆቻቸው አግኝተዋል።

ውድ አንባብያን፣ በሚመጣው ዒድ ዘመድ ስትጠይቁ ደብተር ይዛችሁ ሂዱ።

አላህ ሕሙማኖቻችንን ይማርልን፤ ሙታኖቻችንን ይዘንላቸው። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ወሰላሙ ዐለይኩም።